የአንድሮይድ ኤፒአይና የእኛ ጳጉሜን

ዘንድሮ የእኛ ቡድን የያዘው ፕሮጀክት የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ ማስታወሻ ነው። ፋርጣ ወረዳ ባለ አንድ ጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የልጁን የልደት ቀን ስታስገባ፣ ስልኩ የሚቀጥሉትን ቀጠሮዎች አስልቶ ይነግራታል። ነገሩ ይኸው ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሆኖም አብዛኛው ጊዜያችን ያለቀው ስክሪን በማሳመር ሳይሆን «ልጁ ከተወለደ 42ኛው ቀን መቼ ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የምትጀምሩ የትምህርት ክፍላችን ልጆች ስለማትጠፉ ያገኘነውን ላካፍላችሁ።

ኤፒአይ ሲባል ብዙ ተማሪ ይፈራል። ወፍጮ ቤትን ማሰብ ይበቃል። እህሉን ታስረክባላችሁ፣ ገብስ ነው ወይም ጤፍ ነው ትላላችሁ፣ ዱቄቱን ትቀበላላችሁ። ሞተሩ በናፍጣ ይሂድ በመብራት እናንተን አያገባችሁም። ስልኩም ካሜራውን፣ መልእክት መላኪያውን፣ ቀን መቁጠሪያውን የሚሰጠን በእንዲህ ዓይነት መስኮት ነው። ከእኛ የሚጠበቀው በትክክል መጠየቅ ብቻ ነው።

ቀን ላይ ሲደርስ ግን ብዙ የአገራችን ፕሮግራመር መስኮቱን ትቶ ቤቱ ይፈጫል። ከፈረንጁ ዓመት 7 ወይም 8 ይቀንሳል፣ መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 ያደርጋል፣ ከዚያ ወደፊት ይቆጥራል። ይህ አሠራር ደብረ ታቦር ተቀምጦ ለሚሞክረው በጣም ያታልላል። ለምን ቢባል፣ የከተማችን ስም የተጠራበት የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ነው፤ ነሐሴ 13 ደግሞ በእኛ ዕድሜ ሁልጊዜ ኦገስት 19 ላይ ይውላል። በቡሄ ፈትኖ «ሠርቷል!» የሚለውን ማንም አይከራከረውም። እስቲ በጥምቀት ይሞክረው። ጥር 11 ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ግን የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ሆነች፣ አዲሱ ዓመትም ሴፕቴምበር 12 ገባ። ፈረንጆቹ በተራቸው ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ልዩነቱ ተካክሶ ይጠፋል። እንግዲህ ይህ ስህተት በአራት ዓመት አንዴ መጥቶ፣ ስድስት ወር ለማይሞላ ጊዜ ቆይቶ፣ ሳይታወቅ የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለውን ማን ይይዘዋል?

አንድ ቀን ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ነሐሴ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እንውሰድ። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው። ከነሐሴ 2 ቀን፣ ከጳጉሜን 6፣ ከመስከረም 30፤ ይህ 38 ነው፣ የቀረው 4። ቀጠሮው ጥቅምት 4 ቀን 2016 ይሆናል። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ናት የሚል ፕሮግራም ጥቅምት 5 ይላል፤ ጳጉሜንን ጭራሽ የረሳው ደግሞ ጥቅምት 10። ከጉና ተዳፋት ልጇን አዝላ በእግሯ ለምትወርድ እናት፣ በተለይ ክትባቱ በተወሰነ ቀን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ አንድ ቀን ማለፍ ማለት ሳያስከትቡ መመለስ ነው። በሌላ ቀን ተመልሳ ትመጣለች ወይ? እኔ አልወራረድም።

ደስ የሚለው፣ መስኮቱ ከተከፈተ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አንድሮይድ 7.0 ጀምሮ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ በስልኩ ውስጥ ለፕሮግራመሩ ክፍት ነው፤ እዚያ ውስጥ ኢትዮፒክ ካሌንደር የሚባል ክላስ አለ። ዓመት፣ ወርና ቀን ሰጥታችሁ «አድ» በሚለው ሜተድ 42 ቀን ብትጨምሩ ጥቅምት 4ን ያመጣላችኋል። ጳጉሜንንም ዘመነ ሉቃስንም ያውቃል። ኧረ በዓመተ ዓለምም ይቆጥራል፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ቢያየው ይገረማል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ወር የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። መስከረም 0፣ ነሐሴ 11፣ ጳጉሜን 12። ስለዚህ ቁጥር ከምትጽፉ ክላሱ ያስቀመጠላችሁን የወሩን ስም ተጠቀሙ። ከ7.0 በታች ለሆነ አሮጌ ስልክ ላይብረሪውን ከአፕሊኬሽኑ ጋር ማሸግ ይቻላል፤ ክብደቱ ግን ይጨምራል።

ከጃቫ መጽሐፍ የተማርን ሰዎች መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ጃቫ ታይም ነው። እዚያ የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠር አለ፤ የእኛ የለም። ከእሱ በፊት የነበረው ጆዳ ታይም እንኳ ነበረው! አይፎን ላይም የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለ። መረጃ መሰብሰቢያ የሆነው ኦዲኬ ኮሌክት ደግሞ ቅጹ ላይ አንድ ቃል ከተጨመረለት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጠይቃል።

ሰዓት ላይ ግን መስኮቱ ዝግ ነው። የስልኩ ቋንቋ አማርኛ ቢሆን እንኳ ከጠዋቱ 2 ሰዓትን «8:00 ጥዋት» ብሎ ነው የሚጽፈው። 8 የሚለውን ብቻ ያየች እናት ከምሳ በኋላ ትመጣለች። እኛ ያደረግነው፣ ሰዓቱን በስልኩ አቆጣጠር አስቀምጠን ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ብቻ 6 መቀነስ ነው። ሌሊቱ ይባስ ያስቸግራል፤ ስልኩ ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ነው፣ የእኛ ሰው ግን «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ይላል፤ ለዚህ አባባል ኤፒአዩ ቦታ የለውም። ስለዚህ ለጊዜው ማስታወሻዎቹን ሁሉ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ወስነን ሌሊቱን ሳንነካው አልፈናል። የሞከረው ካለ ላብራቶሪ ብቅ ይበል፤ ኮዱን አብረን እናየዋለን።