የበኵራት ቅርጫትና ሰባቱ ሻማዎች
ኩዋንዛ በጥቁር ካቶሊኮች ቁምስና

በየዓመቱ ከታኅሣሥ 17 እስከ ታኅሣሥ 23፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 1 ባሉት ሰባት ቀናት፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ የጥቁር ሕዝብ ቤተሰቦች ኩዋንዛ የተባለውን በዓል ያከብራሉ። ጥቁር ምእመናን በሚበዙባቸው የካቶሊክ ቁምስናዎችም በዓሉ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ገብቷል። በዚያ አገር ልጆችና የልጅ ልጆች ያሏቸው ምእመናኖቻችን፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወይም ከቁምስና ሰባት ሻማ የያዘ መቅረዝ ሠርተው ሲመለሱ፣ «ይህ ከሃይማኖታችን ጋር ይስማማልን?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። መልሱን «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ከመቸኰል አስቀድመን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

ኩዋንዛ የጥንት በዓል አይደለም። ማውላና ካሬንጋ የተባሉ ምሁር በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ የመሠረቱት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በሎስ አንጀለስ ከተማ ዋትስ በተባለው ሰፈር ታላቅ ብጥብጥ ተነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ፣ ሕንፃዎች ተቃጥለው ነበር። ከዚያ ፍርስራሽ በኋላ ሕዝቡ ራሱን የሚያይበት መስተዋት ያስፈልገው ነበር። ስሙ ከስዋሂሊ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ፍሬዎች ማለት ነው፤ እኛ በግዕዙ በኵራት የምንለው። በምንጣፍ ላይ የምድር ፍሬና በቈሎ ይቀመጣል፤ ኪናራ በሚባለው መቅረዝ ላይ በመካከል አንድ ጥቁር፣ በግራ ሦስት ቀይ፣ በቀኝ ሦስት አረንጓዴ ሻማዎች ይተከላሉ፤ በየምሽቱም አንድ ሻማ እየተጨመረ ይበራል።

መሥራቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለክርስትና በጎ አመለካከት እንዳልነበራቸውና በዓሉን የገና ምትክ አድርገው ያሰቡት እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። ዘግየት ብለው ግን፣ በ1997 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ኩዋንዛ የማንንም ሃይማኖት ለመተካት እንዳልተሠራ ገልጸዋል። ስለዚህ በዓሉን ባዕድ አምልኮ ነው የሚሉ ወገኖች ከእውነት ይርቃሉ፤ ከክርስትና የተገኘ ነው የሚሉም እንዲሁ። የባህል በዓል ነው። ክርስቲያን የባህል በዓልን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ደግሞ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሥራ ነው።

ታዲያ በአሜሪካ ጥቁር ካቶሊኮች ይህን በዓል ለምን ወደዱት? ይህን ለመረዳት የደረሰባቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1838 የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን ካህናት 272 ባሪያዎችን ሸጡ፤ ከገንዘቡም ከፊሉ የጆርጅታውን ኮሌጅን ዕዳ ለመክፈል ዋለ። ከተሸጡት ብዙዎቹ የተጠመቁ፣ ከጌቶቻቸው ጋር አንድ ቅዱስ ቍርባን የሚቀበሉ ካቶሊኮች ነበሩ። በባርነት የተወለዱት አውግስጦስ ቶልተን ካህን ለመሆን ሲመኙ በአገራቸው የሚቀበላቸው ዘርዐ ክህነት ጠፍቶ ወደ ሮም ሄዱ፤ በዚያም በ1886 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በዋሺንግተን ከተማ ነጻ የወጡ ጥቁር ካቶሊኮች በ1858 የራሳቸውን ትምህርት ቤትና የጸሎት ቤት አቋቁመው ነበር፤ በዚያች ከተማ ባርነት ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። ያ ማኅበር ዛሬ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቁምስና ይባላል። በ1889 የመጀመሪያው የጥቁር ካቶሊኮች ጉባኤ የተከፈተው በዚያው ነው፤ ቅዳሴውን የቀደሱትም አባ ቶልተን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አፍሪካዊነታቸውን አውልቀው እንዲገቡ ሲጠየቁ ኖረዋል።

ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ያለውን ልማድ አላጸናችም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ የሕዝቦች መልካም ልማድ ከስሕተት ጋር እስካልተጣበቀ ድረስ እንዲከበር አዘዘ። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ ስድስተኛ በ1969 በካምፓላ ሲናገሩ አፍሪካውያን አፍሪካዊ ክርስትና ሊኖራቸው እንደሚችልና እንደሚገባም አስረግጠው ነገሩ። በ1984 አሥር የአሜሪካ ጥቁር ጳጳሳት ባወጡት የእረኝነት መልእክት፣ ሕዝባቸው ወንጌልን ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን የራሱን ስጦታ ይዞ የሚመጣ መሆኑን አስተማሩ። በ1989 እኅት ቴያ ቦውማን፣ በነቀርሳ ሕመም ተይዘው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ በአሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ፊት ጥቁርና ካቶሊክ መሆን ማለት ታሪክን፣ መዝሙርንና ባህልን ሁሉ ይዞ በሙሉ ሰውነት ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት እንደ ሆነ መሰከሩ። ጳጳሳቱም ቆመው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከእርሳቸው ጋር ዘመሩ። እኅት ቴያ በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር ዐረፉ።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በኵራትን ስለ ማቅረብ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 ከቍጥር 1 እስከ 11 የሚለውን መምህራን ከልጆች ጋር ቀስ ብለው ያንብቡ። እስራኤላዊው የምድሩን ፍሬ በቅርጫት አድርጎ በካህኑ ፊት ሲያኖር ዝም ብሎ አይመለስም። አባቱ ተቅበዝባዥ ስደተኛ እንደ ነበር፣ ወደ ግብፅ እንደ ወረደ፣ በዚያም በባርነት እንደ ተጨነቀና እግዚአብሔር ጩኸቱን እንደ ሰማ ይናገራል። ፍሬውና የባርነቱ ታሪክ በአንድ ላይ ይቀርባሉ። ያለ ታሪኩ ቅርጫቱ የእህል ስጦታ ብቻ በሆነ ነበር። የኩዋንዛን ምንጣፍ በዚህ ንባብ ብርሃን የተመለከተ ክርስቲያን፣ ከባርነት የወጣ ሕዝብ ፍሬውን ዘርግቶ ታሪኩን ለልጆቹ ሲተርክ ያያል። «ዐሥራት በኵራት» እያልን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ከሙታን የተነሣውን ክርስቶስን ላንቀላፉት በኵራት ይለዋል (1ኛ ቆሮ. 15፥20)፤ መምህሩ ልጆቹን እስከዚህ ካላደረሳቸው ትምህርቱ በመንገድ ቀረ ማለት ነው።

ሰባቱ ምሽቶች ለሰባት መርሖች የተሰጡ ናቸው፦ አንድነት፣ ራስን በራስ መወሰን፣ የጋራ ሥራና ኀላፊነት፣ የትብብር ኢኮኖሚ፣ ዓላማ፣ የፈጠራ ችሎታ፣ በመጨረሻም እምነት። አብዛኞቹ ብዙ ሐተታ አያሻቸውም። አራተኛው ግን በስዋሂሊ ኡጃማ ይባላል፤ ቤተሰብነት ማለት ነው። ቃሉን በዓለም ያሳወቁት የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ፣ አዘውትረው የሚያስቀድሱ ካቶሊክ ነበሩ፤ የብፅዕናቸው ጉዳይ በ2005 በሀገረ ስብከታቸው ተከፍቷል። የኡጃማ መንደሮች ፖሊሲ በኢኮኖሚ ረገድ አለመሳካቱ፣ ብዙ ገበሬዎችም በግዳጅ መስፈራቸው የታወቀ ነው። ሀብት ለሁሉ የተፈጠረ ነው የሚለው መነሻ ግን ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት ጋር ይገናኛል፤ በዚያ ምሽት ስለ ሁለቱም መናገር ይሻላል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሰባተኛው ምሽት ነው። ኢማኒ የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል ወደ ስዋሂሊ የገባ ሲሆን፣ ከእኛው «አመነ» እና «አሜን» ጋር አንድ ሥር አለው። ነገር ግን መሥራቹ በዚህ ስም ያስቀመጡት በሕዝባችን፣ በወላጆቻችን፣ በመምህራኖቻችንና በትግላችን ድል ማመንን ነው። እግዚአብሔር በዚያ አልተጠራም። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ትርጕሙም አንድ ነው ብሎ ማለፍ ልጆችን ማታለል ይሆናል። በወላጆች መታመን መልካም ነው፤ አራተኛውም ትእዛዝ ከዚህ አይርቅም። ይሁን እንጂ ክርስቲያን «አምናለሁ» ሲል የሚጠራው አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ነው። ስለዚህ በዚያ ምሽት የመጨረሻው ሻማ ከበራ በኋላ ጸሎተ ሃይማኖትን በአንድነት መድገም እንመክራለን፤ ልዩነቱን ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይህ ያስረዳል።

ሥርዓቱስ የት ይከናወን? በአዳራሽ ወይም በቤት፣ ከቅዳሴ በፊት ወይም በኋላ። ካህንም እንኳ ቢሆን በገዛ ፈቃዱ በቅዳሴ ላይ አንዳች እንዳይጨምር ጉባኤው ከልክሏል፤ ኪናራም የመንበረ ታቦትን ሻማ አይተካም። የአንድነት ጽዋ በሚባለው ሥርዓት መጠጥ እየፈሰሰ የቀደሙ አባቶች ስም ይጠራል። ስማቸውን መጥራት እንወዳለን፤ ለሙታን መጠጥ ማፍሰስ ግን የእኛ ልማድ አይደለም፤ ልጆችም ጽዋውን ከቅዱስ ቍርባን ጽዋ ጋር እንዳያምታቱ ያሠጋል። በመርከብ ሆድ ውስጥ ያለቁትን፣ በጥጥ እርሻ ላይ የወደቁትን፣ ስማቸው የጠፋውንም ጭምር እያነሡ ጸሎተ ፍትሐት ማድረስ ቦታውን በሚገባ ይሞላል።

በአሜሪካ የሚኖሩ የእኛ ወገኖች በዚህ በዓል እንግዶች ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም። ጥቁር አሜሪካውያን የኢትዮጵያን ስም ከመዝሙር 68 ተቀብለው ለብዙ ዘመን እንደ ተስፋ ሲይዙት ኖረዋል፤ በኒው ዮርክ በ1808 የተመሠረተው የባፕቲስት ማኅበር አቢሲኒያን መባሉ አንድ ምስክር ነው። በዚያ የተወለዱ ልጆቻችንም በመንገድ ላይ የሚታዩት እንደ ማንኛውም ጥቁር ሰው ነው፤ የጎረቤቶቻቸውን ታሪክ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ይሁንና አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ሰባቱ ቀናት በሥርዓታችን በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላሉ፤ ሦስተኛውም ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከታኅሣሥ ገብርኤል ጋር ይገጥማል። ካራሙ የተባለው ታላቁ ግብዣ በዲሴምበር 31 ማታ ስለሚደረግ፣ የሚጋበዙ ወገኖቻችን አስቀድመው ለጋባዦቻቸው ያስረዱ፤ ጋባዦቹ የጾም ወጥ ቢያዘጋጁላቸው ቅር አይላቸውም። በምንጣፉ ላይ ያለው በቈሎና ፍራፍሬ እንደ ሆነ ቀድሞውንም የጾም ነው።