ሼኹና ጀመዓው፤ ስለ ሐራና ስለ አካባቢዋ

የእስልምና ሰባኪ ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምናየው በጁምዓ ዕለት ሚንበር ላይ የቆመውን ኢማም ነው። ወሎን፥ በተለይም በወልድያና በመርሳ አቅራቢያ ያለችውን ሐራን ለሚመረምር ግን ዋናው ስብከት የሚካሄደው ሌላ ቦታ ነው።

እንደሚታወቀው ኹጥባው በዐረብኛ ይነበባል። ገበሬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዐረብኛ አይሰማም። በአማርኛ የሚያስረዱ ኢማሞች ቢኖሩም፥ ሚንበር ጥያቄ የሚቀርብበት ስፍራ አይደለም። ሰው የልቡን የሚያወጣው ከሶላት በኋላ፥ ወይም ለዱዓ ተሰብስቦ ቡናው ተፈልቶ ጫቱ ቀርቦ ሳለ ነው። በዚያም ሼኹ ነገር የሚጀምሩት ከሸሪዓ አይደለም፤ «በሬህ ተሻለው ወይ? ከወንድምህስ ታረቃችሁ?» ብለው ነው። ስለ ውርስ ወይም ስለ ፍች ሕጉ የሚነገረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ትምህርቱም ለአንድ ሰው ጉዳይ የተሰጠ መልስ ይሆናል፤ በዙሪያው የተቀመጡት ሁሉ ግን ይማሩበታል።

ልማዱ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በየጁ የዳናውን ሼኽ አሕመድ ኢብን አደምን የመሰሉ ሊቃውንት ሲያስተምሩ፥ ደረሳው ኪታብ ከመቅራቱ ሌላ ሼኹን ያገለግል፥ ዘያሪ እንዴት እንደሚቀበሉም ያይ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ኪታቡን ብቻ አልነበረም። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም በግድ ሲያስጠምቁ በአደባባይ መስበክ አደገኛ ሆነ። ታዲያ ሃይማኖቱ በምን ቆየ? ግዳጁን የተቃወሙት ሼኽ ጠልሃ ኢብን ጃዕፈር በአማርኛ መንዙማ ደርሰዋል። በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ በቃል የሚያዝ መንዙማ ሚንበር አያሻውም፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ባንልም፥ ድርሻው ትንሽ እንዳልነበረ እናምናለን።

ነገር ግን ቅርበትም ዕዳ አለበት። ሼኹን እንደ አባት የሚያይ ሰው «ማስረጃው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ያፍራል። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጕሞ በ1961 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ የተማረው ወጣት ራሱ እያነበበ መጠየቅ ቻለ፤ ይህም በጎ ነው። ካሴቱ፥ ቀጥሎም ስልኩ፥ የሩቁን ዑስታዝ ድምፅ ገበሬው ቤት አስገባ። (ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ሥልጣኔ ይሉታል፤ እኛ አንቸኩልም።) ዑስታዙ አንደበቱ የተባ፥ ማስረጃውም የተሟላ ሊሆን ይችላል፤ የድንበር ጠብ ሲነሣ ግን የሁለቱን ወገን አባቶች ስም አያውቅም። ጠበኞቹ የሚሄዱት ኒካሕ ያሰሩላቸው፥ በአባታቸው ጀናዛ ላይ ያሰገዱት ሼኽ ዘንድ ነው።