ፍላጻው ለምን ይዋልላል?



የቀስት ውርወራ ሲነሳ የብዙዎቻችን ዓይን ወደ ዒላማው ይሄዳል። መታ ወይስ ሳተ? ለተመልካች ይህ ይበቃል፤ ለአስተማሪ ግን አይበቃም። አስተማሪ ማየት ያለበት ፍላጻው ከደጋኑ ወጥቶ ዒላማው ዘንድ እስኪደርስ እንዴት እንደበረረ ነው። በረራውን ማንበብ ያልቻለ አስተማሪ፣ መሣሪያው ባጠፋ ተማሪውን ይቆጣል። ተማሪው ደግሞ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብሎ ይቀራል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዴት እንደሚለይ ይሆናል።

አስቀድሞ በስያሜ እንግባባ። ደጋን የምንለው የሚለጠጠውን ቅስት ነው፤ አውታር በእሱ ላይ የተወጠረውን ገመድ፣ ፍላጻ ደግሞ በተለምዶ "ቀስት" እያልን የምንጠራውንና ተወርውሮ የሚሄደውን ዘንግ ነው።

1ኛ. መልካም በረራ ምን ይመስላል?

ፍላጻ ሲለቀቅ ልክ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አውታሩ ከኋላ በኃይል ሲገፋው የጫፉ ክብደት ለመነሳት ይዘገያል፤ ጣቶችም አውታሩን ሲለቁ በትንሹ ወደ ጎን ይገፉታል። በዚህ የተነሳ ዘንጉ መሐሉ ላይ ይጎብጣል፤ እንደ ዓሣ እየተጣጠፈም ደጋኑን አልፎ ይሄዳል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ በፈጣን ካሜራ አሳይቷል። እንግዲህ ሲነሳ ትንሽ መጣጠፍ ተፈጥሯዊ ነው፤ ላባውም ወዲያው ያረጋጋዋል። ጥፋት የሚባለው መዋለሉ ሳይቆም እስከ ዒላማው ሲዘልቅ ነው።

2ኛ. ጥፋቱ የማን ነው?

ነገሩ ቀላል ነው። በየፍላጻው ላይ ቁጥር ይጻፍ፤ ተማሪው ሦስት ዙር ይወርውር፤ እያንዳንዱ ቁጥር የት እንዳረፈ በደብተር ይመዝገብ።

ሀ/ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ለምሳሌ 4 ቁጥር፣ ማንም ቢወረውረው ከጓደኞቹ ከተለየ ጥፋቱ የፍላጻው ነው።
ለ/ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ከዋለሉ መጀመሪያ የመሣሪያው አገጣጠም ይመርመር።
ሐ/ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ደግሞ ደህና ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የአለቃቀቅ ነው። ያኔ መሣሪያውን አትንኩ! እጁ እስኪረጋ ተማሪው ይለማመድ።

3ኛ. ምልክቱና መፍትሔው

ጭራው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዋልል፦ ፍላጻው ከአውታሩ ጋር የሚገጠምበት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል ማለት ነው። መነሻው በስኳድራ ሲለካ ከቀጥታው መስመር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ላባ ያላቸው ሦስትና ላባ የሌላቸው ሁለት ፍላጻዎች ከ18 ሜትር ገደማ ይወርወሩ። ላባ አልባዎቹ ከላባዎቹ በላይ ካረፉ ነጥቡን ከፍ ማድረግ፣ በታች ካረፉ ዝቅ ማድረግ ነው።

ጭራው ግራና ቀኝ ሲዋልል፦ የዘንጉ ጥንካሬ ከደጋኑ ጉልበት ጋር አልተስማማም። በቀኝ እጁ አውታር ለሚስብ ቀስተኛ፣ ላባ አልባው ወደ ግራ ካረፈ ዘንጉ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፤ ወደ ቀኝ ካረፈ ደግሞ ልል ነው። በግራ እጁ ለሚስብ ተቃራኒው ነው። ለጠነከረው ከበድ ያለ ጫፍ፣ ለላላው ቀለል ያለ ጫፍ ይረዳል። ዘንጉን ማሳጠርም ያጠነክረዋል፤ ግን የተቆረጠ አይቀጠልም፤ ከልክ በላይ ያጠረ ፍላጻም ሲሳብ ከመደገፊያው ወድቆ እጅ ሊወጋ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። ዘንግ ላይ 500 ወይም 700 ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ የሚገኘው በ71 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ዘንጉን አጋድሞ፣ መሐሉ ላይ 880 ግራም በማንጠልጠል ነው። ባለ 500ው 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 700ው 17.8 ሚሊ ሜትር ይጎብጣል። ስለዚህ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዘንጉ ይላላል እንጂ አይጠነክርም።

ፍላጻው ሲያልፍ ሲነካካ፦ ላባውና ጭራው ላይ የጠመኔ ብናኝ ነስንሶ መወርወር ነው። ደጋኑ ወይም መደገፊያው ላይ ነጭ ምልክት ከቀረ የሚነካበት ቦታ ታወቀ ማለት ነው።

ፍላጻው ራሱ፦ ዘንጉ የጎበጠ፣ ላባው የተነቀለ፣ ጭራው አውታሩን አጥብቆ የያዘ እንደሆነ ይታይ። ፍላጻውን ጫፉን ወደ ታች አድርገው አውታሩ ላይ ያንጠልጥሉትና አውታሩን በጣት መታ ያድርጉት፤ ሊወድቅ ይገባዋል። ካልወደቀ ጠብቋል፤ ሳይመታ ከወደቀ ላልቷል።

4ኛ. የአንድ ደጋን ሁለት ተማሪዎች

በትምህርት ቤት አንድ ደጋን ለብዙ ተማሪ ይዳረሳል። ክንዷ አጭር የሆነች ልጅ አውታሩን እስከ መጨረሻው አትስበውም፤ ስለዚህ ደጋኑ የሚሰጣት ጉልበት ያንሳል። ለባለ ረጅም ክንዱ ጓደኛዋ የሚስማማው ፍላጻ ለእሷ የጠነከረ ይሆንባትና በቀኝ እጇ የምትስብ ከሆነ ወደ ግራ ይሄድባታል። ታዲያ ጥፋቷ ምኑ ላይ ነው? መፍትሔው ለእሷ ልል ዘንግ መስጠት ነው እንጂ "እጅሽን አስተካክይ" እያሉ ማሳቀቅ አይደለም።

5ኛ. ጥንቃቄ

አውታርን ያለ ፍላጻ መልቀቅ ደጋኑን ሊሰብር ይችላል። የካርቦን ፍላጻ ከመወርወሩ በፊት ከፊት አርቆ በቀስታ እያጎበጡ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ማዳመጥ ይገባል፤ የተሰነጠቀ ይወገድ። ሁሉም ወርውሮ ሳይጨርስ ማንም ከመስመሩ አይለፍ።

በመጨረሻም ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ከዚያ ተወርውሮ ይመዝገብ። ነጥቡንም ጫፉንም ባንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ይህ ሕግ ለሒሳብም ለንባብም ክፍል ይሠራል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. አሥር ፍላጻዎች በአንድ ተማሪ እጅ ሁሉም ወደ ግራ ቢሄዱ፣ ተማሪውን ከማረምህ በፊት ምን ምን ትፈትሻለህ?
2. ባለ 500 እና ባለ 700 ዘንግ ቢሰጡሽ፣ ጉልበቱ አነስተኛ ለሆነ ደጋን የትኛውን ትመርጫለሽ? ለምን?