ጥርስን ማሳከም ፍጥረትን መለወጥ ነውን?

ብዙዎቻችን ጥርሳችን ሲቦረቦር ማስታገሻ እየዋጥን ፈተና እናሳልፋለን፤ ሲብስብን እናስነቅለዋለን። የተነቀለ ጥርስ ግን ዳግም አይበቅልም፤ ጎረቤቶቹም ወደ ክፍተቱ ያዘማሉ።

ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ ሐኪሙ የበሰበሰውን ጠርጎ ይሞላዋል። ጉዳቱ ነርቩ ጋ ከደረሰ የሥሩ ውስጥ ተጠርጎ ይታሸጋል፤ የሳሳው ጥርስም ክራውን የሚባል ሽፋን ይደረግለታል። ማኘክም ፈገግታም ይመለሳሉ።

«ይህ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?» የምንል አለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ጤነኛን ጥርስ ለውበት ሲባል ሞርዶ ማራራቅን ነው። በጃሂሊያ ዘመን ጦርነት አፍንጫውን ያጣው ሰሃባ ዐርፈጃ ግን ከብር ያሠራው አፍንጫ ሲሸትበት፣ ከወርቅ እንዲያሠራ አዘውታል። ዑለማኦችም ከዚህ በመነሳት የተጎዳን ጥርስ መጠገን ሕክምና እንጂ ፍጥረትን መለወጥ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ተጣብቆ የሚቀር ሙሌትም ለውዱእ ይውለቅ አይባልም።

ሲዋክ ሱና ነው፤ ጥርስንም ያጸዳል። የተቦረቦረውን ግን አይደፍንም። ጥርሳችንም አማና ነውና ሳይብስ እንታከም። ወላሁ አዕለም።