የወላጅ ሥራና የልጅ ትምህርት

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፤ ከወረታ በፊት የምትገኝ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟንም ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። ከጣና ባሕር በስተምሥራቅ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጠጡታል፤ ገበሬውም ሩዝ ይዘራል፤ ከብት ያረባል። ምድሪቱ ታፈራለች፤ ነገር ግን ብዙ እጅ ትፈልጋለች።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በዚያ ወራት የሩዙ አረም ገና አላለቀም፤ ፍሬ ሲይዝም ወፍ የሚጠብቅ ያስፈልጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ አጨዳ ይሆናል። ሐሙስም ቀን አባትና እናት ገበያ ሲወጡ ልጅ ቤት ይጠብቃል። ስለዚህ መምህሩ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል የሚታጣበት ጊዜ አለ።

ሰው ይህን አይቶ «አባቱ ድኻ ስለ ሆነ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም። የወላጅን ገቢ ብቻ ሳይሆን የሥራውንም ዓይነት መመልከት ይገባል። በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ልጁ ቢማር ከገቢው አይጐድልበትም። የቀን ሠራተኛ ግን እንጀራው በዕለቱ ሥራ ነው፤ በታመመ ጊዜ ደብተር መግዣ ቀርቶ እራት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ልጁን ለባለጸጋ በእረኝነት ያስቀጥራል። ብዙ ከብት ያለው ገበሬ ደግሞ ድኻ አይባልም፤ ሆኖም ከብቱ በበዛ ቍጥር እረኛ ይፈልጋልና ልጁን ያስቀራል። እንግዲህ አንዱ ከብት ስለሌለው፤ ሌላው ከብት ስላለው፤ የሁለቱም ልጆች ፊደል ሳይለዩ ያድጋሉ። ጠላ ሸጣ ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር እናትም ሴት ልጇን ውኃ ታስቀዳለች፤ ሕፃን ታሳዝላለች።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ይከፈል የነበረውን ክፍያ አስቀረ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች 3 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ክፍያው ቀርቶ ትምህርት ቤትም ሲበዛ፤ በ20 ዓመት ውስጥ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ከዚህ የሚታወቀው ብዙ ወላጅ ልጁን ያስቀረው ትምህርትን ጠልቶ እንዳልነበረ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ነገር ግን ክፍያ ቢቀር፤ ሕግም ቢወጣ፤ የሚታረመው ማሳ ሠራተኛ መፈለጉ አልቀረም።

ትምህርት እንደ ግንብ ነው፤ ከሥሩ ድንጋይ የጐደለበት እንደሆነ ላይኛው አይጸናም። አንድ ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ ጓደኞቹ የሚያነቡትን አያውቀውም፤ ያፍራል፤ አፍሮም ፈጽሞ ይቀራል። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ አረሙንና አጨዳውን ከጎረቤቶቹ ጋር በወንፈል ይሠራል፤ ከብቱንም በተራ ያስጠብቃል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ከብት ሲጠብቅ የሌሎቹ ልጆች ይማራሉ።

ልጆች ሆይ፤ የባልንጀራችሁን ስፍራ ባዶ ሆኖ ባያችሁ ጊዜ «ሰነፍ ነው» አትበሉ። ምናልባት እናንተ ስታነቡ እርሱ የቤተ ሰቡን እራት ሲያርም ውሎ ይሆናል። ማታ ሂዱና ደብተራችሁን አውሱት፤ የተማራችሁትንም አስጠኑት። እናንተም ከትምህርት ስትመለሱ ወላጆቻችሁን በሥራ እርዱ፤ በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ሊሰዷችሁ እንዲችሉ።