የማን ጭምብል ነው?

ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን። ጋሼ ዕድሜያቸውን በወደብ ሥራ የገፉ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። የመኝታ ቤታቸው አንዱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በሜክሲኮ የጭምብል ትግል ዕቃ ተሞልቷል፤ የሰፈሩ ልጆች «የጋሼ ራሶች» ይሉታል። ጠያቂው በአንድ የትራንዚት ቢሮ የሚሠራ የጎረቤት ልጅ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። የኤል ሳንቶ ጭምብል ነው። ሻጩ «ሳንቶ ራሱ ሪንግ ውስጥ ያጠለቀው ነው» ይላል። የሚጠይቀው ግማሽ ደሞዜን ነው። ልግዛው?

ጋሼ፦ የሳንቶ ጭምብል በግማሽ ደሞዝህ? ደሞዝህ እንዲህ ማደጉን አልሰማሁም።

ወጣቱ፦ ይቀልዳሉ።

ጋሼ፦ የምን ቀልድ! ሳንቶ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?

ወጣቱ፦ ባለ ብር ጭምብሉ። ከሬይ ሚስቴሪዮ በፊት የነበረ።

ጋሼ፦ ሬይ ሚስቴሪዮ ሳይወለድ ገና ስሙ ገንኖ የነበረ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ። ሮዶልፎ ጉስማን ዌርታ ይባላል፤ በ1917 ሜክሲኮ ውስጥ ቱላንሲንጎ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1942 የብሩን ጭምብል አጥልቆ «ሳንቶ» ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ሮዶልፎን ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከ50 በላይ ፊልም ሠርቷል። ለምግብ ጊዜ አገጩ ክፍት የሆነ ሌላ ጭምብል ነበረው። አየር ማረፊያ ላይ ለፓስፖርት ፍተሻ ፊቱን ሲገልጥ የፊልም ባልደረቦቹ እንዳያዩት በሌላ አውሮፕላን ይሄድ ነበር እየተባለ ይነገራል። በ1984 መጀመሪያ ላይ በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጭምብሉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ፊቱን በከፊል አሳየ። ብዙም ሳይቆይ ፌብሩዋሪ 5 ቀን በልብ ድካም ሞተ። የተቀበረውም ጭምብሉን እንዳጠለቀ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጭምብሉን ለማንም መንገደኛ ይሰጣል?

ወጣቱ፦ ግን ጋሼ፣ ትግሉ እኮ ውሸት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው ይነጋገራሉ ይባላል። ውሸት ለሆነ ነገር ይህን ያህል ምስጢር ለምን ያስፈልጋል?

ጋሼ፦ ማን እንደሚያሸንፍ ይነጋገሩ፣ ምን ችግር አለው? ጭምብሉ ከተገፈፈ ግን ተገፈፈ ነው። ሉቻ ሊብሬ በሚሉት በዚህ የሜክሲኮ ትግል ውስጥ የውርርድ ግጥሚያ የሚባል አለ፤ ጭምብል በጭምብል፣ ወይም ጭምብል በጸጉር። ባለ ጸጉሩ ከተሸነፈ እዚያው ሪንግ ውስጥ በመቀስና በማሽን ይላጫል፤ ጸጉር ግን ይበቅላል። ባለ ጭምብሉ ከተሸነፈ ክሩን ፈትቶ ለአሸናፊው ያስረክባል፤ ከዚያ ማይክ ይሰጡትና እውነተኛ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ ስንት ዓመት እንደታገለ ለሕዝብ ይናገራል። ያንን ጭምብል ዳግመኛ አያጠልቅም። ማርች 17 ቀን 2000 አትላንቲስና ቪያኖ ሦስተኛ አሬና ሜክሲኮ ውስጥ ገጠሙ። ቪያኖ 30 ዓመት ያህል ፊቱን ሸፍኖ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ምሽት አርቱሮ ዲያስ ሜንዶሳ ነኝ ብሎ ወረደ። የአዳራሹን ለቅሶ ብታይ! ሩዶ ነበር እኮ፤ ሩዶ ማለት ሕግ የሚጥሰው፣ ሕዝቡ የሚሰድበው ወገን ነው። ሕግ አክባሪዎቹ ቴክኒኮ ይባላሉ። ሲሰድቡት የኖሩት ሰዎች ናቸው ያለቀሱለት።

ወጣቱ፦ ስሙን ተናገረ፣ በቃ። ስም መናገር ምን ያስለቅሳል?

ጋሼ፦ የእኛን የፈረስ ስም አስበው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ ሲባል የሚታሰብህ የክርስትና ስማቸው አይደለም፤ ጦር ሜዳው ነው። የእኛዎቹ ፊታቸውን አልሸፈኑም፤ ቴዎድሮስና አባ ታጠቅ አንድ መሆናቸውን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሜክሲኮ ላይ ያለው ከፈረስ ስሙ በስተቀር ምንም ያልነበረው ሰው ነው። እሱንም ሰው ፊት ወሰዱበት።

ወጣቱ፦ እሺ። እርስዎ ግን ጅቡቲ ተቀምጠው ከሜክሲኮ ምን አገናኝዎት?

ጋሼ፦ የመጀመሪያውን ጭምብል ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ነው ያገኘሁት፤ እኔ ቡና ሰጠሁት፣ እሱ ጭምብሉን። ዋጋ ያልነበረው የገበያ ጨርቅ ነው፣ አሁንም አለ። ግን ሜክሲኮን ከዚያም በፊት አውቃት ነበር። አዲስ አበባ ስትሄድ ሜክሲኮ አደባባይ አይደል ታክሲ የምትይዘው? ጣልያን አገራችንን ሲወር ወረራውን አናውቅም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። ጃንሆይ በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ በእኛ ስም የተጠራ አደባባይ አለ፤ በ1980 የተከፈተው «ኤቲዮፒያ» የሚባለው የሜትሮ ጣቢያም ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። የትግሉ ዋና ቤት አሬና ሜክሲኮ አጠገብ ካለው ከባልዴራስ ጣቢያ በሦስተኛው መስመር ወደ ደቡብ ብትሳፈር አራተኛው ፌርማታ ኤቲዮፒያ ነው።

ወጣቱ፦ እውነት?

ጋሼ፦ ካርታውን ክፈትና እይ። ሌላም ልጨምርልህ። በ1968 ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሲያመጣ፣ የዚያው ኦሊምፒክ የቦክስ ውድድር የተካሄደው አሬና ሜክሲኮ ውስጥ ነው። እኔ የማሞን ወሬ ስከታተል ነው የአዳራሹን ስም መጀመሪያ የሰማሁት።

ወጣቱ፦ ጭምብሉን ግን ማን አመጣው? የጥንት የአዝቴክ ነገር ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ ቱሪስት ሲመጣ እንደዚያ ይባላል። የሪንጉ ጭምብል የጫማ ሰፊ ሥራ ነው። ሳልቫዶር ሉተሮት የሚባል ሰው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1933 የትግል ድርጅቱን አቋቋመ፤ ዛሬ ሴ-ኤም-ኤል-ኤል የምንለው ነው፣ እስካሁን ይሠራል። በቀጣዩ ዓመት ሳይክሎን ማኬይ የሚባል አሜሪካዊ ተፋላሚ አንቶኒዮ ማርቲኔስ ወደሚባል ጫማ ሰፊ ሄዶ ፊት መሸፈኛ ሥራልኝ አለው። ማርቲኔስ ራሱ የትግል ወዳጅ ነበር። የሰውየውን ራስ 17 ቦታ ለክቶ ከፍየል ቆዳ ሰፋለት። ደንበኛው አልተደሰተም፤ ማርቲኔስም ቅር ብሎት ለጊዜው ተወው። በኋላ ግን ነገሩ አድጎ ቤተሰቡ የዘመኑን ታላላቅ ተፋላሚዎች ጭምብል የሚሰፋ ሆነ። ከኋላ በክር የሚታሰረው ለምን ይመስልሃል? ሰውየው ጫማ ሰፊ ነበራ!

ወጣቱ፦ እንግዲያው እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ልለይ?

ጋሼ፦ ይህን ጭምብል ያዝ። አትፍራ፣ ገልብጠው። መጀመሪያ ግን ሦስቱን ዓይነት ለይ። አሬና ሜክሲኮ በር ላይ በክምር የሚሸጠው የልጆችና የደጋፊ ጭምብል ነው፤ ስስ ጨርቅ፣ አንድ ልክ ለሁሉም። ሁለተኛው የተፋላሚው ልብስ ሰፊ በዚያው ጨርቅና በዚያው ልክ ሰፍቶ ለሰብሳቢ የሚሸጠው ነው፤ እሱም ሐቀኛ ዕቃ ነው፣ ሪንግ ግን አልገባም። ሦስተኛው የታገሉበት ነው። ውሸቱ ሁሉ የሚሠራው ሁለተኛውን ሦስተኛ ነው ብሎ ለመሸጥ ነው።

ወጣቱ፦ ይሄ የትኛው ነው?

ጋሼ፦ ገበሩን እይና አንተው ንገረኝ። ላቡ የት ነው ያለው?

ወጣቱ፦ ግንባሩ ላይ... አፍንጫው ዙሪያ። ጉንጩ ንጹሕ ነው።

ጋሼ፦ አዎ። ላብ በሚወርድበት ነው የሚጠቁረው፤ ጠርዙ ላይም ነጭ የጨው መስመር ይተዋል። ሻይ ውስጥ ነክረው የሚያስረጁት እኩል ይበልዛል። አሁን የክር ቀዳዳዎቹን እያቸው። ቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ተለጥጠዋል፣ ግራዎቹ ደህና ናቸው። አንድ ሩዶ ከኋላ ይዞ የጎተተው በቀኝ በኩል ነው። የግራ ዓይኑ ጠርዝ ደግሞ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ተፋላሚ ማታ ታግሎ በነጋታው ሌላ ከተማ ይታገላል፤ ክር መምረጫ ጊዜ የለውም። አሁን ይህችን የግጥሚያ ፎቶግራፍ ውሰድ። እዚህ ዓይኑ ጋ፣ ያ ስፌት ይታይሃል?

ወጣቱ፦ ይታየኛል! የተቀደደው ቦታ ራሱ ነው።

ጋሼ፦ ሰብሳቢነት ማለት ይኸው ነው። ጭምብሉን የገዛሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ፎቶውን ለማግኘት ግን ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ፎቶው ባይኖር ኖሮ በእጄ ያለው ያረጀ ጨርቅ ነበር። ሻጭ «አያቴ ከሳንቶ ጋር ጓደኛ ነበር» ሲልህ ዝም ብለህ ስማ፤ ቀጥሎ የግጥሚያውን ቀን፣ ቦታና ፎቶ ጠይቅ። የውርርድ ጭምብል ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምር። ሳንቶ በ1952 የብላክ ሻዶውን ጭምብል አሬና ኮሊሴዮ ውስጥ ገፈፈ። ያ ጭምብል የሄደው ወደ ሳንቶ ነው። ስለዚህ «የዚያ ምሽት ጭምብል» ብሎ የሚሸጥልህ ሰው ከሳንቶ ቤት እንዴት እንደወጣ ማስረዳት አለበት።

ወጣቱ፦ ከእነዚህ ሁሉ የሚወዱት የትኛውን ነው?

ጋሼ፦ ቢጫና ቀዩን፣ የፍራይ ቶርሜንታን። የታገለበት አይደለም፤ ከሁለተኛው ዓይነት ነው። ሰውየው ካህን ነው።

ወጣቱ፦ ካህን? ቄስ ሬስሊንግ ሲጫወት?

ጋሼ፦ አባ ሰርሒዮ ጉቲየሬስ ይባላሉ። የሚያሳድጓቸውን ወላጅ አልባ ልጆች የሚያበሉት ስላጡ ጭምብል አጥልቀው ሪንግ ገቡ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ታገሉ። በ2006 የወጣው «ናቾ ሊብሬ» የሚለው አስቂኝ ፊልም መነሻው የሳቸው ታሪክ ነው። በእኔ ሚዛን ፊልሙ አላከበራቸውም፤ ሰው ግን ስቆበታል፣ ምን ታደርገዋለህ።

ወጣቱ፦ በዚህ ሙቀት እንዴት ነው የማይበላሹት?

ጋሼ፦ ይበላሻሉ እንጂ! የጅቡቲ ሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ካምሲኑ አቧራ ያመጣል፣ ባሕሩ ጨውና እርጥበት ይልካል። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነክ ጨርቅ ከሆነ ሲሞቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ስታላቅቀው ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ስለዚህ አንዱን በአንዱ ላይ አልደርብም፣ አላጥፍም። ውስጡን በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ እሞላዋለሁ፤ በጋዜጣ አይሞላም፣ ቀለሙ ይጋባል። በላስቲክ ከረጢት ዘግተህ አታስቀምጥ፣ ይሻግታል። ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘዋን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣላት፤ ለእኔ አምጣልኝ። ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ካለ ደግሞ እንደ ጠላት ነው የማየው። ኤሲ አለ እንዳትል፤ ከ2011 ጀምሮ መብራት ከኢትዮጵያም ይመጣል፣ ግን መብራትን ተማምኖ ቅርስ አይቀመጥም።

ወጣቱ፦ የታገሉበትን ጭምብል አያጥቡትም?

ጋሼ፦ በፍጹም። ላቡን ካጠብክ ማስረጃውን አጠብክ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ በቃ።

ወጣቱ፦ አንዳንድ ጊዜ አጥልቀውት ያውቃሉ?

ጋሼ፦ የታገሉበትን? አላደርገውም። የመርከበኛውን ግን የልጅ ልጆቼ ሲመጡ አጠልቀዋለሁ። ሁልጊዜ ሩዶ እኔ ነኝ።

ወጣቱ፦ እንግዲህ እኔ በምን ልጀምር?

ጋሼ፦ በወረቀት። ጭምብል ብዙ ያሳስታል፤ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ዓመቱንና አታሚውን ራሱ ላይ ይዟል። ሆሴ ክሩስ ከ1952 ጀምሮ ሳንቶን በፎቶና በሥዕል እያቀናበረ ያወጣው የነበረው ተከታታይ መጽሔት አለ፤ በርካሽ ወረቀት ስለታተመ የተረፈው ሁሉ ቢጫ ነው፣ ያ አያስፈራህ፤ ይልቅ ነጭ ሆኖ ከመጣ ጠርጥር። ከዚያ የሲኒማ ቤት ካርዶች አሉ፤ በካርቶን የታተሙ፣ ወደ 30 በ40 ሳንቲሜትር፣ ፊልሙ ሲታይ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፉ። የሳንቶ የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች በ1958 ኩባ ውስጥ፣ የካስትሮ ሠራዊት ሃቫና ከመግባቱ በፊት፣ ነው የተቀረጹት፤ ለሕዝብ የታዩት ግን በ1961 ነው። ስለዚህ «የ1958 ካርድ» የሚልህ ሻጭ ካለ ማለፍ ነው። ከ1962ቱ ከቫምፓየር ሴቶቹ ፊልም ብትጀምር ደስ ይለኛል፤ የሚያምር ነው። የካርዱ ጥግ ላይ የፒን ቀዳዳ ካለበት አትጥላው፣ ሲኒማ ቤት ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። ሻጩ መካከል ላይ ካርቶን አድርጎ፣ ሳይጠቀልል ጠፍጣፋውን እንዲልክ አስቀድመህ ጻፍለት፤ በቢሮህ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይላክልህ። ሲደርስ ጠርዙን ሳትቆርጥ፣ ላስቲክ ሳታለብሰው፣ በማጣበቂያ ሳትነካው እዚህ አምጣው፤ በማጉያ መነጽር አብረን እናየዋለን።