ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነውን?

አንድ ተማሪ ዘወትር ክፍል እየገባ ትምህርቱ አልገባው ሲል፣ በር ሲንኳኳ ሲደነግጥ፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ሲውል ብዙዎቻችን «ሰነፍ ነው» እንላለን። አለዚያም «ጂኒ ነክቶታል» ብለን እንተወዋለን። ለመሆኑ ልጁ ምን አይቶ እንደመጣ ጠይቀናልን?

ይህ ጥያቄ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን የተነሳው ግጭት በርካታ ሕዝብ አፈናቅሏል። በመተከል ዞን የደረሰው ደግሞ የባሰ ነበር፤ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላም በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ዞን ከገቡት ስደተኞች ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ቤቱ ሲቃጠል ያየ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ስለተሰጠው ብቻ ልቡ ለትምህርት አይከፈትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ዙሪያ ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በአገራችን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

ከሌሎች ድሃ አካባቢዎች የምንማረው አለ። በሕንድ ቢሃር ክፍለ ሀገር በ74 ትምህርት ቤቶች ሙከራ ተደርጎ ነበር። በአንደኛው ወገን ሥራውን ሐኪም ያልሆኑ፣ ለዚሁ ብቻ የሠለጠኑ አማካሪዎች ያዙት፤ በሁለተኛው መምህራኑ ራሳቸው ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንዳሳየው አማካሪ በተመደበበት የተማሪዎች ድባቴና እርስ በርስ መጎዳዳት ሲቀንስ፣ ለመምህራን በተተወበት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። መምህሩ ደግነት ጎድሎት አይመስለንም፤ በተጨናነቀ ሥራው ላይ ሌላ ሥራ ስለተደረበበት እንጂ። በኬንያም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች ተማሪዎችን በቡድን ለ4 ጊዜ ብቻ አወያይተው ጥሩ ውጤት ተገኝቷል።

እንግዲህ ለአሶሳና ለአካባቢው ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ የልጆቹን ቋንቋ፣ በርታም ይሁን ጉሙዝ፣ ሺናሻም ይሁን ዐረብኛ፣ የሚናገር፣ የሠለጠነና ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ወጣት ይመደብ።

ሁለተኛ፣ አማካሪው ምስጢር ጠባቂ ይሁን፤ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለውን ልጅ ግን ለወላጅ አሳውቆ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይላክ።

ሦስተኛ፣ ወላጆችና ዑለማዎች ይተባበሩ። ለልጅ ዱዓ ማድረግ ሐኪም ዘንድ ከመውሰድ አያግድም።

በእርዳታ ገንዘብ የተጀመረ ሥራ ገንዘቡ ሲያልቅ ያበቃል። ስለዚህ ይህ ወጪ እንደ መምህር ደመወዝ ሁሉ በክልሉ የትምህርት በጀት ውስጥ ይግባ። እስከዚያው ዝም ያለውን ልጅ አንምታው፤ «ምን ሆነሃል?» እንበለው።